ስለ እንጀራና ስለ ውለታ

የሰው እንጀራ የሚበላ ሰው የገዛ ራሱን ቃል ይናገር ዘንድ ይቻለዋልን? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ወገን፥ የበላበትን ወጪት የሚሰብር ሰው ውለታ ቢስ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ በሰው እጅ የሚያድር ሰው አንደበቱን ሸጦአል ይላል። ደመወዝ የሚበላ ሰው ሁሉ፥ እኛም ጭምር፥ አንድ ቀን ከዚህ ጥያቄ ፊት መቆሙ አይቀርም። ነገሩን በባዶ ቃል ከመከራከር ይልቅ፥ ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ በቪየናና በአካባቢዋ በኖሩ ሦስት የሙዚቃ ደራስያን ሕይወት ልንመረምረው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ዮሴፍ ሃይድን የሠረገላ መንኰራኵር ሠሪ ልጅ ነበር። በ1761 ዓ.ም. በሀንጋሪ ከነበሩት ታላላቅ ባለ ርስቶች አንዱ የሆኑትን ልዑል ጳውል አንቶን ኤስተርሃዚን በምክትል የሙዚቃ አለቅነት ለማገልገል ውል ፈረመ። ደመወዙ በዓመት 400 ጉልደን ነበር። የውሉ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ይነበባል። ሃይድን በእንግዶች ፊት ሲቀርብ የቤቱን ደንብ ልብስ ለብሶ፥ ነጭ የእግር ሹራብ አጥልቆ፥ ጠጕሩን ዱቄት ነስንሶ እንዲቀርብ ያዝዛል። በየቀኑ ከቀትር በፊትና ከቀትር በኋላ ከእልፍኙ ደጅ እየቆመ፥ ሙዚቃ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለውን ትእዛዝ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን፥ የሚደርሰው ሙዚቃ ሁሉ የልዑሉ ብቻ እንዲሆን፥ ለማንም እንዳይገለበጥ፥ ያለ ፈቃድም ለሌላ ሰው አንዳች እንዳይደርስ የሚከለክለው አንቀጽ ነው። ይህ እጅን ብቻ ሳይሆን ከእጅ የሚወጣውንም ሁሉ መግዛት ነው።

በ1762 ልዑሉ ሲሞቱ ወንድማቸው ኒኮላውስ ተተኩ። አዲሱ ልዑል ባሪቶን የሚባለውን ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ መጫወት ይወዱ ስለ ነበር፥ ሃይድን ከ120 የሚበልጡ ድርሰቶች ለዚሁ መሣሪያ ጻፈ። ዛሬ ባሪቶን የሚጫወት ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ያን ያህል ድካም ለአንድ ሰው የምሽት ደስታ መዋሉን ስናስብ ማዘናችን አልቀረም። ይሁን እንጂ ሃይድን ራሱ በሽምግልናው ዘመን ለታሪክ ጸሐፊው ሲያጫውት፥ ከዓለም ተለይቶ በገጠር ቤተ መንግሥት መኖሩን እንደ ጉዳት ብቻ አልቈጠረውም። ኦርኬስትራው ዘወትር ከእጁ ነበረ፤ ያሰበውን ሞክሮ፥ ያልበጀውን ቈርጦ ይጥል ነበር። የሚያደናግረውም ሰው ስላልነበረ የራሱን መንገድ ከማውጣት በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እንግዲህ ልዑሉ የሃይድንን ልብስ፥ ሰዓትና ወረቀት ገዙ እንጂ ጆሮውን አልገዙም ለማለት እንደፍራለን።

ሞዛርት ግን ይህን ኑሮ ሊታገሥ አልቻለም። ጌታው የሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳስ ኮሎሬዶ በ1781 ወደ ቪየና አስጠርተውት ሳለ፥ ከእልፍኝ አሽከሮች በታች፥ ከወጥ ሠሪዎች በላይ ባለው መቀመጫ ለማዕድ ይቀመጥ ነበር። ስንብት በጠየቀ ጊዜ፥ እርሱ ራሱ ለአባቱ እንደ ጻፈው፥ የሊቀ ጳጳሱ ባለሟል ኮንት አርኮ በእርግጫ መትቶ ከደጅ አስወጣው። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ በቦሔሚያና በአውስትሪያ አገሮች ገበሬውን ከጌታው መሬት ጋር ያሰረውን ሕግ ሻሩ።

ከዚህ በኋላ ሞዛርት በቪየና ያለ ጌታ ለመኖር ቈረጠ። ልጆች ያስተምራል፤ ፒያኖ ይጫወታል፤ አስቀድመው ገንዘብ ለከፈሉ አድማጮች የሙዚቃ ጉባኤ ያዘጋጃል። በ1784 ዓ.ም. ከ170 የሚበልጡ ሰዎች በመዝገቡ ላይ ስማቸውን አስፍረው ነበር። በ1789 ግን አገሩ ከቱርክ ጋር ጦርነት ላይ ሳለ መዝገቡን እንደገና ቢያዞር፥ የፈረመለት አንድ ሰው ብቻ ሆነ። ሕዝብም ጌታ ነው፤ ያውም መልኩ የማይታወቅ፥ አቤት የማይባልበት ጌታ። በለንደን በ1777 ዓ.ም. ፍርድ ቤት፥ የታተመ ሙዚቃ እንደ መጽሐፍ ሁሉ የደራሲው መብት ሕግ ይጠብቀዋል ብሎ ለዮሐንስ ክርስቲያን ባኽ ፈርዶለት ነበር። እንዲህ ያለው ጥላ ግን ለሞዛርት በቪየና አልተዘረጋለትም። በ1787 መጨረሻ የቤተ መንግሥት ሹመት በ800 ጉልደን ቢያገኝም፥ ከወዳጁ ብድር የሚለምንባቸው ደብዳቤዎች አልቀሩም። በ1791 በ35 ዓመቱ ባለ ዕዳ ሆኖ ሞተ።

ቤትሆቨን ከሁለቱም የተሻለ ውል አገኘ። በ1809 አርሽዱክ ሩዶልፍ፥ ልዑል ሎብኮቪትስና ልዑል ኪንስኪ በዓመት 4000 ጉልደን ሊሰጡት ተዋዋሉ፤ የጠየቁትም በአገሩ እንዲቈይ ብቻ ነበር። ነገር ግን በ1811 የአውስትሪያ የወረቀት ገንዘብ ዋጋው ወደ አምስተኛ እጅ ወረደ፤ በ1812 ኪንስኪ ከፈረስ ወድቀው ሞቱ፤ የሎብኮቪትስም ሀብት ተናጋ። ነጻነቱ በወረቀት የተጻፈለት ሰው የቀረውን ለማግኘት ከወራሾች ጋር ሲከራከር ዓመታት አለፉ።

እስከዚህ ድረስ ስለ ሰጪና ስለ ተቀባይ ተናገርን። ነገር ግን ልዑል ኤስተርሃዚ የሚሰጡት እንጀራ ራሱ ከየት የመጣ ነበር? ማሪያ ቴሬዛ በ1767 በሀንጋሪ ባወጡት ደንብ፥ ሙሉ ይዞታ ያለው ገባር ለባለ ርስቱ በዓመት 52 ቀን ከነጋማ ከብቱ፥ ወይም 104 ቀን በባዶ እጁ እንዲሠራ ተወስኖ ነበር። ይህም ቀድሞ ከነበረው ግፍ እንደ ማቅለል የሚቈጠር ነው። የኤስተርሃዛ ቤተ መንግሥት፥ የኦፔራው አዳራሽና የሃይድን 400 ጉልደን የመጡት እንዲህ ካለ ርስት ነው። እንግዲህ ሃይድን ውለታ ነበረበት ብንል፥ ባለ ውለታው እልፍኝ ያለው ሰው ብቻ አልነበረም፤ እርሻ ላይ ያለውም ነበረ። የበላበትን ወጪት አትስበር የሚለው ተረት፥ ወጪቱን ማን እንደ ሞላው አይጠይቅም። እኛ ሁለቱንም ወገኖች የማንቀበለው ስለዚህ ነው፤ ዝምታን ውለታ መክፈል ብሎ የሚጠራውን ሰው ግን አብልጠን እንፈራዋለን።

ሃይድን ስለ ገባሮቹ እንደ ተናገረ የምናውቀው ነገር የለም። ከእርሱ በታች ስለ ነበሩት ግን አንድ ጊዜ ተናግሯል። በ1772 ዓ.ም. የሙዚቀኞች ሚስቶችና ልጆች ለአንድ ቀንም ቢሆን ወደ ኤስተርሃዛ እንዳይመጡ ተከልክሎ ነበር። ከክልከላው ነጻ ከሆኑት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሃይድን ነው፤ ሚስቱ አብራው ነበረች። ዝም ቢል የሚጐድልበት አልነበረም። ልዑሉ መመለሻቸውን ከተለመደው ጊዜ ባዘገዩ ጊዜ፥ ሙዚቀኞቹ ወደ አለቃቸው መጥተው አቤት አሉ። ሃይድን ማመልከቻ አልጻፈም፤ ሲምፎኒ ጻፈ። ዛሬ ቁጥር 45 የሚሰጠው የስንብት ሲምፎኒ ይህ ነው። እንደሚተረከው፥ በመጨረሻው ክፍል ሙዚቀኞቹ የየራሳቸውን ድርሻ ሲፈጽሙ አንድ በአንድ እየተነሡ፥ ሻማቸውን እያጠፉ፥ መሣሪያቸውን ይዘው ወጡ። በጨለማው የቀሩት ሁለት ቫዮሊኖች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተጫውተው ዝም አሉ።

ልዑሉም ነገሩ ገባቸው። በማግሥቱ ሠረገሎቹ ተጫኑ።