በየማለዳው የሚታለብ ምጽዋት



ሐዋርያው ያዕቆብ ወላጅ አልባዎችን መጠየቅ የእውነተኛ አምልኮ መለኪያ መሆኑን ያስተምረናል (ያዕ. 1፥27)። ለሕፃናት ማሳደጊያ አንዲት የተዳቀለች ላም መስጠት መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ላም ከተቀበለችው በላይ አትሰጥም። ለ1 ሊትር ወተት ከ3 እስከ 5 ሊትር ውኃ ትሻለች፤ ድርቆሽ፣ የኑግ ፋጉሎና ንጹሕ በረትም ያስፈልጋታል። ጥጃዋ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ካልጠገበች በበሽታ ትጠቃለች፤ ከሞተችም የነገው ወተት አብሮአት ይቀበራል።

ስለዚህ ሰጥተን አንራቅ፤ አንዱ ድርቆሽ ያምጣ፤ ሌላው በረት ይጥረግ። ወተቱ ተሸጦ ደብተርና ልብስ ቢገዛበትም፣ አስቀድሞ የሕፃናቱ ብርጭቆ ይሙላ፤ በስማቸው ታልቦ ሳይቀምሱት የሚሸጥ ወተት ምጽዋት አይባልምና።

ሁላችንን የሚመግብ አምላክ ትጋቱን ያድለን። አሜን።