በስልክሽ ውስጥ ያለው የሰው አደራ

«አጎቴ፣ እውነት የደኅንነት ሰዎች ስልካችንን ይሰሙታል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሁልጊዜ አይሰሙም፤ ሊሰሙ በፈለጉ ጊዜ ግን እጃቸውን የሚይዝ ብዙ ነገር አልነበረም። መልሱን በጽሑፍ የላክሁልሽ በስልክ መናገር ፈርቼ እንዳይመስልሽ። የከተማችን የዘመሮ ኔትወርክ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳያስጨርስ ስለሚቆረጥ ነው። ደግሞም ሕግ ተማሪ ነሽ፤ የተጻፈ ነገር ይሻልሻል።

በአገራችን ሰውን በጅምላ መጠርጠር በኢንተርኔት አልተጀመረም። አያቶቻችን አፈርሳታ ይወጡ ነበር። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ሲገደልና አድራጊው ሲጠፋ፣ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። የቀረ ይቀጣል፤ ማረሻ ይቆማል፤ በመንዝ ብርድ ሜዳ ላይ መዋል ምን እንደሆነ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ክፉ ሥርዓት ነበር፤ ለአንድ ሌባ አገር ሙሉ ይታገዳል። ሆኖም መጀመሪያ የተሠራ ወንጀል ነበረ፤ የተጠረጠረውም መጠርጠሩን ያውቃል፤ ሌባው ሲገኝ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። አሁን የምትጠይቂኝ ነገር ወንጀል ሳይሠራ የሚጠራ፣ ጥሪው የማይሰማ፣ «በሉ ተበተኑ» የሚል ዳኛም የሌለው አፈርሳታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እኔም ደርሼበታለሁ። በጃንሆይ ጊዜ ጆሮ ጠቢ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ቀበሌው ራሱ ጆሮ ሆነ። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት መጣ። ለማዳበሪያና ለእርከን ሥራ ነው ተባለ፤ ለዚያም ውሏል፤ ግን ማን እንግዳ እንዳሳደረ፣ ማን ከስብሰባ እንደቀረ ወደ ላይ የሚደርሰውም በዚያው መንገድ ነበር። ሞባይሉና ኢንተርኔቱ የገቡት እንዲህ መስማት በለመደ ቤት ውስጥ ነው።

በመጋቢት 2006 ሂዩማን ራይትስ ዎች በኢትዮጵያ ስላለው የስልክና የኢንተርኔት ስለላ ሰፊ ዘገባ አወጣ። ያን ጊዜ የስልክ አገልግሎት ሰጪው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር፤ እሱም የመንግሥት ንብረት። ከዋናዎቹ የመሣሪያ አቅራቢዎች አንዱ የቻይናው ዜድቲኢ ነበር። ዘገባው እንደሚለው የደኅንነት ሰዎች የደንበኞችን የጥሪ መዝገብ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያገኙ ነበር። ታስረው ከተመረመሩት መካከል የገዛ ድምፃቸው ተቀድቶ የተሰማቸው አሉ፤ የተደዋወሉዋቸው ሰዎች ዝርዝር ፊታቸው ላይ የተዘረጋባቸውም አሉ። በተለይ ከውጭ አገር የመጣ ጥሪ ያስጠይቅ ነበር። እስቲ ዘመሮን አስቢ። ከጅዳ፣ ከቤይሩት፣ ከዱባይ የማይደወልበት ቤት ስንት ነው?

አብዛኛው ሰው የሚፈራው ንግግሩ እንዳይሰማበት ነው። እኔ የምፈራው ዝርዝሩን ነው። ማን ለማን ደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ማማ ሥር ሆኖ፤ ይህ የሚመዘገበው አንቺ ተጠርጥረሽ ሳይሆን የስልክ ሥራ ራሱ ያለ መዝገብ ስለማይሄድ ነው። የኢንተርኔቱንም ትራፊክ ዳታ አገልግሎት ሰጪው ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጥ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያዝዛል። ንግግር ለመስማት አንድ ሰው ጆሮውን ሰጥቶ መቀመጥ አለበት፤ መዝገብን ግን ማሽን በቅጽበት ያገላብጠዋል። አንዲት ልጅ ማታ ለጤና ጣቢያ፣ ወዲያው ለእናቷ፣ በማግስቱ ለጠበቃ ብትደውል አንድ ቃል ሳይሰማ ታሪኳ ተነቧል። መዝገቡ ውስጥ ያለሽው ደግሞ ብቻሽን አይደለም። ስልክሽ ላይ ስማቸው ያለ ሰዎች፣ አክስቶችሽ፣ የክፍል ጓደኞችሽ፣ በዓረብ አገር ያሉት እህቶቻችን፣ ማንም ሳያስፈርምሽ ስማቸውን አደራ ሰጥተውሻል። የኔ ምክር የቆመው እዚህ ላይ ነው። ለራስሽ ስትይ የምትጠነቀቂ ከመሰለሽ «እኔ ምን ይፈለግብኛል» ብለሽ ትሰንፊያለሽ። ለእነሱ ስትይ ነው የምትጠነቀቂው።

ቤት ሙሉ እንዴት እንደሚጠለፍ አንድ ነገር ላጫውትሽ። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ ፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የተሸሸገ ስም እንዲከስ የፈቀደለት ትውልደ ኢትዮጵያዊ አለ። ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ፕሮግራም ከኢሜይል ጋር በተያያዘ ሰነድ ሆኖ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ፤ የስካይፕ ጥሪዎቹን ወራት ሙሉ ቀዳ። ከተቀዳው ውስጥ ምን ተገኘ መሰለሽ? የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጁ ለቤት ሥራው ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ በኢንተርኔት የፈለገው ነገር! ሰውየው የኢትዮጵያን መንግሥት በየካቲት 2006 ከሰሰ። በመጋቢት 2009 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመምና ሉዓላዊ መንግሥት አይከሰስም ብሎ በሩን ዘጋው። ሕግ ተማሪ ነሽና ውሳኔውን ፈልገሽ አንብቢው፤ እኔ ያናደደኝ አንቺንም ማናደዱ አይቀርም።

የኪዳኔ ነገር ብቸኛ አይደለም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ያጋለጣቸውን ብቻ ልንገርሽ። በ2005 ፊንስፓይን ለማስገባት የተቃዋሚውን የግንቦት 7 ሰዎች ፎቶ ማጥመጃ አድርገው ነበር። በታኅሣሥ 2006 የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በስካይፕ በተላከ ፋይል የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ፕሮግራም ተሞከረባቸው፤ በ2007 መጨረሻ የኩባንያው ሰነዶች ሲዘረገፉ የመንግሥቱ የመረጃ መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎት እንደነበር ታየ። በ2010 ደግሞ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ተራ ደረሰ፤ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን (ኦኤምኤን) ይመሩ ከነበሩት ከጃዋር መሐመድ ጀምሮ በውጭ አገር ያሉ ብዙዎች «ፍላሽዎን ያድሱ» የሚል የሐሰት ገጽ ተላከላቸው። ልብ በይ፤ በአንዱም ላይ በር አልተሰበረም። የገዛ ጣታቸው ነው የከፈተው።

ይህ የኛ መንግሥት ጠባይ ብቻ ነው ካልሽም ተሳስተሻል። በ2005 መጨረሻ ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች አሜሪካኖች የገዛ ዜጎቻቸውን የጥሪ መዝገብ በጅምላ ይሰበስቡ እንደነበር አሳይተዋል። ከእነዚያው ሰነዶች እንደታወቀው የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ኤንኤስኤ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የማዳመጫ ጣቢያ ከኢትዮጵያ ጋር አቋቁሞ ነበር። ልዩነቱ እዚያ አገር ነገሩ ሲወጣ ፍርድ ቤትና ምክር ቤት ተከራከሩበት፤ እዚህ የወጣውም በባዕድ አገር አጥኚዎች ነው።

መንግሥት ጨርሶ ስልክ አይጥለፍ አልልም። ሰው አግቶ በስልክ ገንዘብ የሚጠይቅ ሽፍታ በስልክ መዝገብ ቢያዝ እኔ እልል እላለሁ፤ በየመንገዱ የታገቱትን ዘመዶች ያየ ሰው ይህን አይክድም። ጥያቄዬ ማን ፈቀደ፣ ለስንት ቀን፣ በማን ላይ የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 በፖስታም ሆነ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምትላላኪውን አይደፈር ብሏል። የ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ለጠለፋ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አስቸኳይ ሲሆን ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ (ሥልጣኑ ዛሬ የፍትሕ ሚኒስቴር ሆኗል) ፈቅዶ ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲያቀርብ ይተዋል። የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ በ2012 ተተክቷል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ወረቀቱ መጥፎ አይደለም። ግን የዞን ዘጠኝ ጦማርያንን አስታውሺ፤ ሚያዝያ 2006 ተይዘው ሲከሰሱ፣ ኮምፒውተርን ከጠላፊ ስለመጠበቅ የወሰዱት ሥልጠና ራሱ ክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። የመጨረሻዎቹ በሽብር ክሱ ነጻ የተባሉት በጥቅምት 2008 ነው። ቤቱን የቆለፈ ሰው ሌባ ነው እንደማለት ያለ ክስ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ሲነገርሽ እንዳትቀበዪ።

አሁን ወደ እጅሽ ሥራ። ቴሌግራም ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ነው፤ ግን ተራው መልእክት ድርጅቱ ራሱ ሊከፍተው በማይችል መንገድ የተቆለፈ አይደለም፤ እንዲያ የሚቆለፈው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሠራም። ዋትስአፕና ሲግናል ይዘቱን ይቆልፋሉ። ሆኖም ስልኩን ከነመክፈቻው የያዘ ሰው ሁሉንም ያነባል። ስለዚህ የቆየ መልእክት ማጥፋትን ልመጂ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሪ፤ የማታውቂው ሊንክ በምታውቂው ሰው ስም ቢመጣም መጀመሪያ ደውለሽ ጠይቂው። የሰው ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ ወደ ሌላ ግሩፕ አትላኪ፤ ከኢንሳ ይልቅ ብዙ ሰው ያሳሰረው ይህ ሳይሆን አይቀርም። በእኛ ከተማ ደግሞ የባሰ አለ። እናቶቻችን ስልክ ሲገዙ ኢሜይሉንም የይለፍ ቃሉንም የሚያወጣላቸው የስልክ ቤቱ ልጅ ነው፤ በራሱ ደብተር ላይም ይጽፈዋል። ሲሙ በሌላ ሰው መታወቂያ የወጣም ሞልቷል። ደኅንነቱ ሳይመጣ ቁልፉ ገበያ ላይ ነው ያለው። በክረምት ስትመጪ ከእናትሽ ስልክ ጀምረሽ ይህን አስተካክዪ።

አንድ ነገር ላክል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሁላችንም ወደ ተራው ጥሪና ወደ አጭር መልእክት ተመለስን። ለጠላፊ ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው። ኢንተርኔት ሲዘጋ ዝም ያልን ይመስለናል እንጂ የበለጠ ተሰሚ ነበርን። እንዲያ ያለ ቀን ሲመጣ በተራ ስልክ የጤናን ነገር ተናገሪ፣ የሰው ስምና መንገድ ግን አትጥሪ።

ዝም በይ ግን አላልኩሽም። ስለላ የሚፈልገው ትልቁ ትርፍ ሰው ሳይከለክሉት ራሱን እንዲከለክል ነው፤ በእድሜዬ ያየሁት ጆሮ ጠቢ ሁሉ ሠላሳ ሰው ለማስፈራራት አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ አልመረጥኩም ብለሻል። በዚያ በ48 ሰዓቱ አንቀጽ ላይ ሥሪው፦ በዓመት ስንት ጊዜ ተጠቀሙበት፣ ስንቱ ቀርቦ ተፈቀደ፣ ስንቱ ተከለከለ፣ ተጠላፊውስ ኋላ ይነገረዋል ወይ። ፍትሕ ሚኒስቴርንም ፍርድ ቤቱንም በደብዳቤ ጠይቂ፤ መልስ ቢከለክሉሽ መከልከላቸውን ከነቀኑ ጻፊው።