ወረቀቱ ከታረመ በኋላ

«ቲቸር፣ መልስ መስጫ ወረቀቱ በማሽን ተነቦ ካለቀ በኋላ መጸለይ ምን ይጠቅማል?»

ጠያቂው የብስራተ ገብርኤል ሰፈር ልጅ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት አውቀዋለሁ፣ ከዚያ በፊትም የፊዚክስ ተማሪዬ ነበር። የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በሐምሌ ወስዶ ውጤት እየጠበቀ ነው። እናቱ በፍልሰታ ጾም አንድም ቀን ቅዳሴ ሳታስታጉል ቆመችለት፤ የጽዋ ማኅበሯ ሴቶችም ስመ ክርስትናውን ይዘው ይጸልዩለታል። እሱን ያስጨነቀው ሌላ ነው። ሐምሌ ላይ «ቢ»ን አጥቁሮ ከሆነ፣ ነሐሴ ላይ በሚደርስ ጸሎት ወደ «ሲ» አይዞርለትም። ምክንያት ከውጤት ይቀድማል ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ጓደኞቹ ጥያቄውን እንደ ድፍረት ቆጠሩበት። እኔ ግን ከልቡ እንደሆነ ስለገባኝ ይዤው ከረምኩ። የሐኪም ምርመራ ውጤት በፖስታ ታሽጎ እጁ የገባ ሰውም ከመክፈቱ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን የሚሰጡት መልስ አለ። ለእግዚአብሔር ትናንትና ነገ የለም፤ እናት በነሐሴ የምታፈሰውን እንባ በሐምሌም ያውቀዋል፤ ስለዚህ ልጇ ፈተና ላይ በተቀመጠባት ሰዓት ሊረዳው ይቻለዋል። ይህን አምናለሁ። የልጁ ጥያቄ ግን በዚህ አያበቃም። ይርዳው ሲባል ምን ያድርግለት? ያጠናው እንዳይጠፋው ልቡን ቢያረጋጋለት መልካም። ያልተማረውን እንዲያጠቁር እጁን ይምራልኝ ማለት ከሆነ ግን ጸሎቱ «ሚዛኑን አዛባልኝ» ነው። መጽሐፈ ምሳሌ እግዚአብሔር ሐሰተኛ ሚዛንን እንደሚጸየፍ ይናገራል። የሚጸየፈውን ነገር ለእኔ ልጅ ሲል እንዲያደርገው እንዴት ይለመናል?

ሐሰተኛ ሚዛን የሚያደርሰውን ጉዳት ደግሞ በዓይናችን አይተናል። በግንቦት 2008 የፈተናው ወረቀት ተሰርቆ በማኅበራዊ ሚዲያ ተበተነ፤ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መዘጋጀት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ፈተና ሲደርስ የአገሪቱ ኢንተርኔት እስከ መዘጋት የደረሰባቸው ዓመታት ነበሩ። ተማሪው በገዛ ትምህርት ቤቱ በሚፈተንበት ዘመን መልስ በስልክ መቀባበል፣ በቡድን መኮራረጅ፣ ይባስ ብሎም አዋቂ ሰው ገብቶ «መርዳት» ተለምዶ ነበር። በዚያ ዘመን ያስተማረ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሌሊቱን ስታጠና ያደረች ልጅ፣ ከኋላዋ ተቀምጦ መልስ በተላከለት ልጅ ስትበለጥ አይቻለሁ። ጎበዝ ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ በፍቅር ስትገልጥ አላየኋትም።

ስለዚህ የ2014 ተፈታኞች በ2015 መግቢያ ላይ አንሶላና ብርድ ልብሳቸውን ይዘው፣ ስልካቸውን ቤት ትተው፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደሩ እንዲፈተኑ ሲደረግ ደግፌያለሁ፤ ዛሬም እደግፋለሁ። ውጤቱ ሲወጣ አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው ተባለ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ደረሰ። የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ቁጥሩን ይዘው ብቅ ባሉ ቁጥር ፈተናው ከበደ፣ ልጆቻችን ተበደሉ ያለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ሚዛኑን አልቆጣውም። የምጠይቀው የተመዘነው ማን እንደሆነ ነው።

በዐቢይ ጾም ስድስተኛ ሳምንት፣ በገብር ኄር እሑድ፣ የመክሊቱ ምሳሌ ይነበባል። ጌታው ለአንዱ አገልጋይ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጥቶ ሄደ። ሲመለስ አምስት ያተረፈውንም ሁለት ያተረፈውንም በአንድ ዓይነት ምስጋና ተቀበላቸው። ሁለት የተሰጠውን ለምን አምስት አላተረፍክም ብሎ አልያዘውም። አንድ የተሰጠው የተወቀሰውም መክሊቱን ስለቀበረ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ከዚህ ሁሉ በፊት የተደረገው ነገር ነው፤ ጌታው ሳይሰጥ አልጠየቀም። ምንም ሳይሰጠው ትርፍ አምጣ የተባለ አገልጋይ በምሳሌው ውስጥ የለም።

በእኛ ዘንድ አለ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ የ12ኛ ክፍል ልጆች በሙሉ፣ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠውም፣ እጇን ሁልጊዜ የምታወጣውም፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሰነፉ ማለት አይቻልም። ክፍል ገብቶ ያስተማረ ሰው ይህን አይልም። የኬሚስትሪን ሙከራ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሳለ ሥዕል ብቻ የሚማሩ ልጆች አሉ። የትግራይ ልጆች በጦርነቱ ምክንያት ዓመታት ዘግይተው በ2016 መግቢያ ላይ ለፈተና ተቀመጡ። በአማራ ክልል በግጭቱ ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ ደብተር ካዩ የቆዩ አሉ። ወረቀቱ ላይ የታተመው ጥያቄ ግን ለሁሉም አንድ ነው። አንድ መሆኑም ልክ ነው፤ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግልኝ ሰው በችግር ስላደገ ብቻ እንዲያልፍ አልፈልግም። የመግቢያው መለኪያ አንድ ይሁን። ነገር ግን ያ ቁጥር ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናውቃለን፤ የልጁ ስም ይሆናል። «የወደቀው» ይባላል።

ሩቅ ሳልሄድ ከሰፈሬ ልናገር። ከላፍቶ ሞል አካባቢ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ባለው መንደር ልጆቻቸውን በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች አሉ፤ በግንብ አጥር ተለይተው ደግሞ እንጀራ ጋግረው ለሱቅ እያስረከቡ የሚኖሩ አሉ። ለአንዱ ልጅ ለየትምህርቱ ቱቶር ቤቱ ድረስ ይመጣል። ሌላዋ የምታጠናው ምጣድ ዳር ነው። የጂኦግራፊ ደብተሯን አንድ ቀን አምጥታ አሳይታኛለች፤ ጠርዙ ላይ ሊጥ ደርቆ ገጾቹ ተጣብቀዋል፣ በጥፍሯ እየላቀቀች ነው ጥያቄውን ያገኘችው። ስለ ንግድ ነፋሳት ነበር የጠየቀችኝ። ፊዚክስ ያስተማረ ሰው በዚያ ይደሰታል፤ የጭሱን አቅጣጫ እያየን ተነጋገርንበት።

ይህች ልጅ በማኅበራዊ ሳይንስ ተፈትና ከ600 291 አመጣች። ለግማሹ ዘጠኝ ጎደላት። በኋላ ሪሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ደርሷት ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ሄደች። በሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ እናቷ ቤቴ መጣች፤ ቁጭ ሳትል ጀመረች።

«ጋሼ፣ ለገብርኤል ጥላ ተስዬ ነበር። ትለፍልኝ ብዬ ነው የተሳልኩት። አላለፈችም። ግን ይኸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ እየተማረች ነው። ላስገባ ወይስ እስክታልፍ ልቆይ? ያልሆነውን ሆነ ብዬ እልል ማለት አልፈልግም፤ አስቀርቼም ማስቀየም አልፈልግም።»

ተቀመጪ አልኳት። እኔ ካህን አይደለሁም፤ የስለት ነገር የንስሐ አባት ጉዳይ ነው፤ ወደ እሳቸው መራኋት። የራሴን ሐሳብ ግን አልደበቅኋትም። ልጅሽ ምጣድ እያሟሸች፣ ሊጥ እያቦካች 291 ያመጣች ልጅ ናት፤ በመክሊቱ ምሳሌ ሒሳብ ይህ ትርፍ ስንት እንደሚባል የሚያውቀው የሰጠው ብቻ ነው፤ የምታመሰግኚበት ነገር ካለሽ ግን ከ300 ላይ እስኪቆጠር አትጠብቂ አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ለካ እሷንም አላመሰገንኳትም» አለች። ጥላውን በማግስቱ አስገባች። ለልጇ ደግሞ ደወለችላት።

ለልጁ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከዚህች ሴት ነው ማለት እችላለሁ። ወረቀቱ ታርሟል አልኩት፤ ቁጥሩ አይለወጥም፣ ይለወጥልኝ ብለህም አትለምን። ገና ያልታረመ ነገር ግን አለ። ውጤት የተለቀቀ ማታ ቤታችሁ ውስጥ የሚነገረው ቃል ገና አልተነገረም። አባትህ የቴሌግራም ቦቱ የሰጠውን ቁጥር አይቶ ቀና ሲል ምን እንደሚልህ አልተወሰነም። አንተ ስለ ራስህ የምትፈርደውም ፍርድ እንዲሁ። እናትህ ይህንን ይዛ ትጸልይ፣ አንተም ይህንን ይዘህ ጸልይ፤ ጊዜው አላለፈበትም። ቀላል ነገር እየነገርኩህ እንዳይመስልህ አልኩት። በዚያች አንዲት ማታ በተነገራቸው ቃል ተሰብረው ለዓመታት ያልተነሱ ልጆች አውቃለሁ፤ ተነስተው በሦስተኛው ዓመት ያለፉም አውቃለሁ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከነጥባቸው ይልቅ ቤታቸው ነበር።

ታኅሣሥ 19 በየዓመቱ የምንሰማው የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክም ለእኔ በዚህ በኩል ይከፈታል። ሰባኪዎቻችን እሳቱ በመልአኩ እንዴት እንደበረደ አብዝተው ይናገራሉ። እኔን የሚይዘኝ ወጣቶቹ ወደ እቶኑ ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ የሰጡት መልስ ነው። አምላካቸው ሊያወጣቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ባያወጣቸውም እንኳ እሱ ላቆመው ምስል እንደማይሰግዱ ጨምረው ነገሩት። እሳቱ እንደሚበርድ ገና አላወቁም ነበር። የዛሬ ወላጅ ልጁን ለፈተና ሲሸኝ ይህን ዓይነት ቃል ሊነግረው ይገባል። ብታልፍም ባታልፍም ልጄ ነህ የሚለው ቃል ኃይል ያለው ውጤት ከመውጣቱ በፊት ሲነገር ነው፤ ከወጣ በኋላ ማጽናኛ መስሎ ይሰማል። የልጁን ክብር በነጥቡ ልክ የሚሰፍር ቤት ደግሞ ሳያውቀው በዱራ ሜዳ ለቆመው ዓይነት ምስል እየሰገደ ነው።

መፈተን ራሱ ከፈረንጅ የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ጋይንት ያለችውን ቤተልሔምን አነሳላቸዋለሁ። ድጓ የተማረ ሰው ከየትም አገር ይምጣ፣ ከማንም ይማር፣ የድጓ መምህር ለመባል ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት። የዝማሬ መዋሥዕቱ ሰው ዙር አምባ ይሄዳል። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይከፈት በፊት የኖረ፣ ለሁሉም አንድ መለኪያ ያለው የአገር ፈተና ነው። ጥብቅነቱም የታወቀ ነው። ግን ተማሪው የሚነሳው መምህሩ ደርሰሃል ሲለው ነው። እዚያ ሄዶ ጉድለት ቢገኝበት የቱ ጋ እንደጎደለው ይነገረዋል፤ ተቀምጦም ይቀጽላል። መዛኙ አስተማሪም ስለሆነ «አልበቃህም» ያለው አፍ «ና ተቀመጥ» ማለት ግድ ይለዋል። የእኛ ፈተና የሚያወራው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ከሰጠ በኋላ ልጁ ወዴት እንደሚሄድ የሚያየው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ብዙ ጊዜም ማንም አያየውም።

ሪሜዲያልን በዚህ ምክንያት ወድጄዋለሁ፤ ጎድሎሃል ብሎ የሚያስቀምጥ ነገር ስለሆነ። ችግሩ 12 ዓመት ዘግይቶ መምጣቱ ነው። በ9ኛ ክፍል ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ በ12ኛ ክፍል በአንድ ክረምት ጥናት ካልኩለስ አይገባውም፤ ለዚህ ደግሞ ተአምር መጠየቅ ስንፍና ነው፣ የእኛ የአዋቂዎቹ ስንፍና።

እኛ ብስራተ ገብርኤል የምንሳለም ሰዎች ብዙ ነን። ከመካከላችን መሐንዲስ አለ፣ ሐኪም አለ፣ የባንክ ሰው አለ፣ ጡረታ የወጣን መምህራን አለን። በሐምሌም በታኅሣሥም ጥላ፣ መጋረጃ፣ ጧፍና ዕጣን ይዘን እንመጣለን፤ ደስ የሚል ነው፣ ይቀጥል። ልጁ ያለፈለት አባት ግን ስለቱን የጎረቤቱን ልጅ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ቢከፍለው መልአኩ የሚቀበለው ይመስለኛል፤ ንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ለዚህ ሕንጻ መሥራት አያስፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ከ9ኛ ክፍል ልጆች ጋር የሚቀመጥ ሰው ነው የሚፈለገው፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ ይቀድማሉ፣ ፊዚክሱን እኔ እይዛለሁ።