ዕውቀት ምጽዋት ነውን ወይስ ዕዳ?

በየከተማው ያሉ ኮሌጆች በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በራቸውን ከፍተው የአገሩን ሰው ይጠራሉ። አንድ ጊዜ ግጥም ይነበባል፤ ሌላ ጊዜ ቲያትር ይታያል፤ ወይም አንድ የተማረ ሰው ስለ አፈር፥ ስለ በሽታ፥ ስለ ታሪክ ንግግር ያደርጋል። ተማሪዎችም የሠሩትን መሣሪያ በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ለጎብኚ ያስረዳሉ። ይህ ነገር መልካም መሆኑን የሚክድ ሰው አይገኝም። ነገር ግን ሁሉ መልካም ነው ብሎ የተስማማበት ነገር ብዙውን ጊዜ ሳይመረመር ይቀራል። ስለዚህ እኔ እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፦ ኮሌጅ ሕዝቡን ጠርቶ ዕውቀቱን ሲያካፍል ምን ማድረጉ ነው? ከትርፉ መመጽወቱ ነውን? ወይስ ያለበትን ዕዳ መክፈሉ?

ጥያቄው ለቃል ክርክር ብቻ የተነሣ አይደለም። መጽዋች ሰው የሚሰጠውን መጠን፥ ጊዜውንም ቦታውንም ራሱ ይመርጣል፤ የተቀባዩ ድርሻ መርቆ መሄድ ነው። ዕዳ ከፋይ ግን እንዲህ ለማድረግ አይችልም፤ ባለገንዘቡ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይቈጥርበታልና። እንግዲህ ተናጋሪው በመድረክ ላይ እንዴት እንደሚቆም፥ አድማጩም በወንበሩ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ምጽዋት ነው የሚለውን አሳብ እንመልከት። አባቶቻችን «የተማረ ይግደለኝ» ሲሉ ኖረዋል። ምሳሌው ለትምህርት የተሰጠውን ክብር ያሳያልና አልነቅፈውም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል በቈጠርሁበት ዘመን የመንደራችን ሰው እኛን ሕፃናቱን ሳይቀር በዚህ ክብር ይመለከተን ነበር፤ በኋላም በመምህርነት በኖርሁባቸው ዓመታት የዚህን ክብር ጣዕም አውቄዋለሁ። ሆኖም ምሳሌው ሌላ ጎን አለው። የተማረ ሰው ቢገድለኝም ይሁን ብሎ አስቀድሞ የተስማማ ሰው፥ የተማረው ሲናገር እንዴት አድርጎ ይጠይቀዋል? ክብር ሲበዛ አንደበትን ይዘጋል። አንደበቱ በተዘጋ አድማጭ ፊት የሚናገር ሰውም ስሕተቱን የሚነግረው አያገኝም።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በምዕራብ ሸዋ፥ ስሙን በማልጠራው አንድ ኮሌጅ፥ ስለ ዋልካ መሬት የተደረገ ንግግር ሰምቻለሁ። በጊንጪ ዙሪያ ያለው ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ያቁራል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ የክረምቱ ኃይል እስኪበርድ ጠብቆ ይዘራል፤ ሽምብራውንና ጓያውንም በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያበቅላል። ተናጋሪው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የምርምር ሰዎች ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ መሥራታቸውን፥ ጊንጪም ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ መሆንዋን አስረዳ። የተናገረው እውነት ነበር፤ መሣሪያውም ብልኃት ያለበት ነው። ነገር ግን ከንግግሩ እኩሌታው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ገበሬዎቹም ከኋላ ተቀምጠው ነበር። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው በአፋን ኦሮሞ፦ «ልጄ፥ ውሃው ወጣልን እንበል፤ እኛም ቀድመን ዘራን። አረሙም ከእኛ ጋር ቀድሞ ይበቅላል። በዚያ ጊዜ እጃችን ሁሉ ሌላ ማሳ ላይ ነው። ማን ያርመዋል?» ሲሉ ጠየቁ። የስብሰባው መሪ ጥያቄው ከርእሱ ውጭ ነው፥ ሰዓቱም አልቋል ብሎ አስቀመጣቸው።

አንባቢ ሆይ፥ ጥያቄው ከርእሱ ውጭ አልነበረም፤ ርእሱ ራሱ ነበር። መሣሪያው እንደ ታሰበው ያልተስፋፋበት ምክንያት ሲነሣ ከሚጠቀሱት ነገሮች መካከል የአረሙ ብዛትና የመሣሪያው ክብደት ይገኛሉ። ሽማግሌው ያቀረቡት ጥያቄ በንግግሩ ውስጥ የጎደለውን ክፍል የሚሞላ ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ በምጽዋት መንፈስ የተዘጋጀ ስለ ነበር፥ ተቀባይ ለሰጪው የሚሰጠው ነገር ይኖረዋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው አሳብ ዕዳ ነው የሚለው ነው፤ ይህም ከፊተኛው ይልቅ ወደ እውነት የቀረበ ነው። የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከጊዜ በኋላ ኮሌጅ ሆነ፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በጉደርና በወሊሶ ጭምር ግቢ አለው። ይህ ሁሉ የቆመው በሕዝብ ግብር ነው። ግብሩን ከከፈሉት ገበሬዎች የብዙዎቹ ልጆች ፈተናውን ሳያልፉ ቀርተዋል፤ እነዚህ ገበሬዎች ለሌላው ሰው ልጅ ከፍለዋል ማለት ነው። እንግዲህ ኮሌጁ በሩን ሲከፍትላቸው ውለታ ዋለላቸው ሊባል አይገባም፤ በገንዘባቸው የተገዛውን አሳያቸው እንጂ።

ይሁን እንጂ የዕዳም አሳብ ጉድለት አለው። ዕዳ ከፋይ ሰው የሚፈልገው ከዕዳው ነፃ መውጣትን ነው፤ ከከፈለ በኋላ ባለገንዘቡን መልሶ ለማየት አይናፍቅም። ለዚህም ነው ብዙ ዝግጅት ለመዝገብ ብቻ የሚደረገው። የክብር እንግዳው ዘግይተው ይደርሳሉ፤ የመክፈቻው ንግግር ይረዝማል፤ ተማሪዎቹ ወራት የደከሙበት ቲያትር ሰዓት ጠበበ ተብሎ ይቈረጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይህን ያህል ሰው ተገኝቷል ተብሎ ይጻፋል። አድማጩም በበኩሉ አበል አለ ወይ፥ ምሳ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ወገኖች ቈጥረው ይለያያሉ፤ ሂሳቡ ተዘጋ፤ የተማረ ሰው ግን የለም።

ምጽዋትም ዕዳም ካልሆነ ምንድን ነው? እኔ ደቦ ነው እላለሁ፤ በአገራችን አንዳንዱ ጅጊ ይለዋል። በደቦ የመጣ ሰው ለማኝም አበዳሪም አይደለም። ዛሬ በአንተ ማሳ፥ ነገ በእኔ ማሳ ይሠራል፤ የያዘውን ማጭድ ይዞ ይመጣል፤ ያለ እርሱም አዝመራው አይነሣም።

ይህ ለማሳመር ያመጣሁት ንጽጽር አለመሆኑን ኪነ ጥበብ ያስረዳናል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ ተወለደ። ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ቲያትር ጽፎ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታየለት። በኋላ ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ የመለሰው፥ ስለ አቡነ ጴጥሮስም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን የጻፈው ይኸው ሰው ነው። ጸጋዬን ያ መድረክ ሠራው አልልም፤ ስጦታውን ይዞ ተወልዷል። ነገር ግን ቲያትር በወረቀት ላይ ሳለ ገና እኩሌታ ነው፤ የሚፈጸመው ተመልካች ፊት ሲቆም ነው። የሚስቀውና የሚያለቅሰው፥ አንዳንዴም የሚያዛጋው ሕዝብ ለደራሲው ሥራውን ያሳየዋል። ጥያቄም ለሳይንስ እንዲሁ ነው። የሽማግሌው የአረም ጥያቄ ለተናጋሪው ዕውቀት፥ ተመልካች ለቲያትር የሚሆነውን ያህል ነበር።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ ይቀርባል።

የመጀመሪያው፦ «ሳይንስ ከባድ ነው፤ ተራው ሰው አይገባውም» የሚል ነው። ማይክል ፋራዴይ የቀጥቃጭ ልጅ፥ ራሱም የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1812 ከሱቁ ደንበኞች አንዱ ቲኬት ሰጠውና ለንደን ውስጥ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሐምፍሪ ዴቪን ንግግር ሰማ። የሰማውን ጽፎ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት፤ በሚመጣው ዓመትም ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በመብራትና በሞተር የሚጠቀም ሰው ሁሉ ዛሬ ከእርሱ ሥራ ይካፈላል። እስቲ ይህን ነገር ወደ አገራችን አምጥተን እንየው። ቀጥቃጩን ቱምቱ እያልን፥ በዓይኑ ይበላል እያልን ከማዕድ ስናርቀው ኖረናል። ማረሻችንን የሚሠራልን ሰው እርሱ ሆኖ ሳለ ልጁ በኮሌጁ አዳራሽ በየትኛው ወንበር ይቀመጥ ነበር? ቲኬቱንስ ማን ይሰጠው ነበር?

ደግሞም ፋራዴይ መምህር ከሆነ በኋላ ለወጣቶች ስለ ሻማ አስተማረ፤ ሻማ በሁሉ ቤት የሚገኝ ነገር ነበርና። እኛም ሻማችን አለን። የአምቦን ውሃ ጠርሙስ የማያውቅ ማን ነው? ክዳኑ ሲከፈት ያለ እሳት ለምን ይፈላል? ታምቆ የነበረው ጋዝ ግፊቱ ሲላላለት ስለሚወጣ ነው። ጋዙስ ከየት መጣ? ከምድር ጥልቅ ነው። የወንጪና የደንዲ ሐይቆች የተቀመጡበት ጎድጓዳም በአንድ ዘመን እሳተ ገሞራ ነበር። በአንድ ጠርሙስ የኬሚስትሪንና የምድርን ታሪክ መጀመሪያ ማስተማር ይቻላል፤ ያውም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ። ከባዱ ነገር ሳይንሱ ሳይሆን ለአድማጭ ማሰብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፦ «ሕዝቡ ተርቦ ሳለ ግጥምና ንግግር ምን ያደርግለታል?» የሚል ነው። ነገሩ ከርኅራኄ የመጣ ስለሚመስል መልስ ይገባዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1993 ከባኮ ምርምር ጣቢያ የወጣው ቢኤች 660 የተባለው በቆሎ ለብዙ ቤት እህል ሆኗል፤ ይሁን እንጂ የዘሩን ጠባይ ገበሬው የተማረው በማሳ ላይ እያየና እየጠየቀ ነው። እንጀራና ዕውቀት በአንድ መንገድ ይመጣሉ ማለት ነው። ግጥምንም በሚመለከት፥ ድሀ ሰው ጠግቦ እስኪያድር ድረስ ሳይዘፍንና ሳያንጐራጕር የቆየበት ዘመን የለም። ዘፈኑን ለጥጋብ ቀን እናቆይለት የሚለው ጠጋቢው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ ብዙ ጊዜም በግልጥ አይነገርም። «ሕዝብን ጠርቶ ማናገር አደጋ አለው» ይላል። እውነት ነው፥ አለው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን እያለ በየዓመቱ ግጥም ያስነብብ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ተማሪው ታምሩ ፈይሳ «ድሀው ይናገራል» የተባለውን ግጥም አነበበ። ለጨዋታ የተሰናዳው ቀን የዳኝነት ቀን ሆነ፤ ባለሥልጣኖቹም ከዚያ ወዲያ የኮሌጁን ቀን በጥርጣሬ ይመለከቱት ጀመር። ነገር ግን ድሀው ከመናገሩ በፊት ድህነቱ አልነበረምን? አዳራሹ ያሳየው አስቀድሞ የነበረውን ነው። የሚያስፈራንን ጥያቄ በአዳራሽ ውስጥ ያልሰማን እንደሆነ በጎዳና ላይ እንሰማዋለን፤ አምቦም ይህን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። በጎዳና የሚጠየቅ ጥያቄ ደግሞ ዋጋው የልጆች ደም ይሆናል። ስለዚህ በሩን ከፍቶ አፍ የሚዘጋ ኮሌጅ አደጋን አላራቀም፤ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ አባከነ እንጂ።

እንግዲህ በደቦ ሕግ እንኑር። ጠሪው ተጠሪው በሚሰማው ቋንቋ ይናገር፤ ለጥያቄም ለንግግሩ የሰጠውን ያህል ጊዜ ይስጥ፤ ገበሬውን፥ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ከፊት ወንበር ያስቀምጥ፤ የመለሰውንም የጠየቁትንም ጽፎ ይያዝ። ተጠሪውም አበል ሳይጠይቅ ይምጣ፤ ያልገባውን አልገባኝም ይበል፤ ከማሳውና ከኑሮው ያወቀውን ይዞ ይገኝ። «የተማረ ይግደለኝ» ማለትን ትተን የተማረ ይስማኝ፥ እኔም ልስማው ማለትን እንልመድ። ያን ሽማግሌ ያስቀመጣቸው ሰው ሥልጣን የነበረው በአዳራሹ ላይ ብቻ ነው፤ ጥያቄያቸው ግን ክረምት በመጣ ቍጥር ማሳው ላይ ይበቅላል፥ የሚያርመውንም ይጠብቃል።