ዕጣና ልማደ ፍጥረት

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ በሚዘልቀው የቡና አገር የሚኖር ሰው ስለ ዕድልና ስለ አጋጣሚ ለመመርመር ቢያስብ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ተፈልፍሎ የደረቀ አንድ የቡና ፍሬ ይበቃዋል። የፍሬው አንዱ ገጽ ስንጥቅ ያለበት ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎባጣ በመሆኑ፣ ተወርውሮ ሲወድቅ በየትኛው እንደሚያርፍ፣ እንደ ሳንቲም ግማሽ በግማሽ ነው ብሎ አስቀድሞ የሚፈርድ አእምሮ የለም፤ ደጋግሞ ከመጣል፣ ከመቍጠርና ከመጻፍ በቀር ወደ ዕውቀቱ የሚያደርስ መንገድ አይገኝም።

ይህ ትዕግሥት ከንቱ አለመሆኑን፣ ቍጥሩ በበዛ መጠንም የተገኘው ድርሻ ወደ እውነተኛው እንደሚቀርብ፣ የስዊስ ሊቅ ያዕቆብ በርኑሊ፣ ካረፈ ከ8 ዓመት በኋላ በ1713 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታተመው መጽሐፉ አስረድቷል። ጆን ኬሪክ የተባለው የሒሳብ መምህርም፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በዴንማርክ በግዞት ሳለ፣ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ጥሎ አንደኛውን ገጽ 5,067 ጊዜ አገኘ። ከግማሹ የበለጠው 67 ጊዜ፣ ከጠቅላላው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ሆኖም ሳንቲሙ ያለፈውን አስታውሶ ይህን ትርፍ በኋላ ይመልሳል ማለት አይደለም፤ ትርፉ ሳይከፈል በብዛቱ ውስጥ ያንሳል እንጂ። ቁማርተኛ «አሁንስ ተራዬ ደርሷል» እያለ ቤቱን የሚያፈርሰው ይህን ባለማስተዋሉ ነው።

ታዲያ መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 16 የዕጣ ፍርድ ከእግዚአብሔር መሆኑን ከመሰከረ፣ ዕጣን እየደጋገሙ መቍጠር አምላክን መፈታተን አይሆንምን? እኔ አይሆንም እላለሁ። ቡናውን የሚጥለው ሰው የሚጠይቀው ፈጣሪ በፍጥረቱ ላይ ያኖረውን ልማድ ነው፤ ይህም ልማድ ጸንቶ መገኘቱ የመግቦቱ ምስክር እንጂ የመግቦቱ ተቀናቃኝ አይደለም። የቡና መርማሪዎች ከብዙ ኩንታል 300 ግራም ናሙና ወስደው፣ ጕድለቱን ቈጥረው ደረጃ ሲመድቡ፣ ገበሬውም ነጋዴውም ፍርዳቸውን የሚቀበለው፣ አውቆትም ሆነ ሳያውቅ፣ በዚህ ጽናት ታምኖ ነው፤ ናሙናው ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከልዩ ልዩ ስፍራ የተቀዳ እንደ ሆነ።

በግብረ ሐዋርያት የምናነበው ዕጣ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። በይሁዳ ፈንታ በርስያን ከተባለው ዮሴፍና ከማትያስ አንዱ እንዲለይ ሐዋርያት አስቀድመው ጸለዩ፤ የፈለጉትም የዕጣውን ጠባይ ሳይሆን ልብን የሚያውቀውን የጌታን ምርጫ ነበር። ስለዚህ አንድ ጊዜ መጣሉ በቃቸው፤ ማትያስ ከወጣ በኋላ ዕጣውን ሳይደግሙ ከዐሥራ አንዱ ጋር ቈጠሩት።