«ጸንታ ዐረፈች»

እህቴን፣ እትዬን፣ የቀበርናት ኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው። በአርባዋ ዕለት ያጠምቋት የነበሩት አባት ድንኳኑ ውስጥ ተነሥተው «በሃይማኖቷ ጸንታ ዐረፈች» አሉ። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ፤ እኔም አልኩ። ያ አሜን እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ቀርቷል። የጸናችው በምን ላይ ነው?

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። የዕድሜ ማራዘሚያ የምንለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ነው። እትዬ በዓመቱ ጀመረች፤ ጧት አንድ፣ ማታ አንድ። ደግፈን እናስነሣት የነበረችው ሴት ተመልሳ ምጣድ አሰማች። እግሯን ግን ያቃጥላት ነበር። ሌሊት ባዶ እግሯን ቀዝቃዛው ሊሾ ላይ ዘርግታ ስትቀመጥ አገኛታለሁ። በኋላ ጸበል ገባች። ማንም አልነቀፋትም፤ ጄሪካኗን ተሸክሜ የሸኘኋት እኔ ነኝ። አጥማቂው ግን «ሁለት ልብ አይሆንም፤ ወይ ኪኒኑ፣ ወይ እግዚአብሔር» አሉ። በዐቢይ ጾም አንድ ጧት ኪኒኖቹን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ስትደፋቸው አየሁ። ቆሎ ከቁና ሲገለበጥ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ነበራቸው። ዝም አልኩ።

ከዚያ የሆነው ነው ሰውን ሁሉ ያሳተው። የእግሯ መቃጠል እያደር ቀለል አላት፤ የምግብ ፍላጎቷ ተከፈተ። መድረክ ላይ ወጥታ «ዳንኩ» ብላ መሰከረች፤ እልልታው ቀለጠ። ቆይቼ ነው ከአንዲት ነርስ የተረዳሁት፤ መድኃኒቱ ቫይረሱን እንዳይራባ ይገታዋል እንጂ አይገድለውም፤ ሲተዉት ጊዜ ጠብቆ ይመለሳል። እግሯን ያቃጥላት የነበረው ደግሞ ራሱ መድኃኒቱ ነበር። እህቴ የዳነችው ከመድኃኒቱ ሕመም ነው። ያኔውኑ ሐኪሟ ጋ ተመልሳ እግሬን አቃጠለኝ ብትል በሌላ ይቀይሩላት ነበር።

በዚያው ዓመት፣ በ1999፣ የጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ ተናገሩ። ሰምቼ ሮጥኩላት። «ወንድምዓለም፣ እሳቸው እኮ ለደካማው ነው ያሉት» አለችኝ። ፓትርያርኩ የተናገሩት ከአንድ አጥማቂ ቃል በታች ሆነ። መድኃኒትና እምነት እንደማይጣሉ ለማስረዳት እዚህ ቀለም አላባክንም፤ ሰማንያ አሐዱ ብለን ከምንቆጥራቸው መጻሕፍት አንዱ፣ ሲራክ፣ ሐኪሙን እንድናከብር ያዝዛል። ይበቃል።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው ተቆርጦ በቀሪው ሰባት ዓመት እንደቆሙ ገድላቸው ይናገራል። ያን ሥዕል እየተሳለምኩ ነው ያደግሁት። ሥጋን መናቅ ለእሳቸው ቅድስና ከሆነ ለእህቴ ስለምን ጥፋት ይባላል? ወይ ሁለቱንም ልንቀፍ፣ ወይ ሁለቱንም ልሳለም።

መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ ይህ ነበር፤ ቅዱስ በገዛ ሥጋው ይከፍላል፣ አክራሪ በሰው ሥጋ። ከ1426 እስከ 1460 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ማስረጃዬ ነበሩ። እምነታቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት አልሰግድ ስላሉ አፍንጫና ምላስ አስቆረጡ፤ ጣዖት አመለኩ የተባሉትን የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር አስገርፈው ከመካከላቸው የሞቱ እንዳሉ የራሳቸው ዜና መዋዕል ይመሰክራል። እሳቸውም ከፈሉ፤ ግን በልጆቻቸው ገላ።

ይህን ይዤ ጥቂት ተኛሁ። ከዚያ ግን በዚህ ሚዛን እህቴ ከቅዱሳኑ ወገን መሆኗ ታየኝ፤ የከፈለችው በገዛ ሥጋዋ ነዋ! እንግዲያ አባ ልክ ነበሩ? የስድስት ዓመት ልጅ ትታ ሄደች እኮ ብዬ ተሟገትኩ። ወዲያው ገብረ ክርስቶስ ሙሽራውን ትቶ እንደመነነ ትዝ አለኝ። መልሴ እንደገና ፈረሰ።

እዚህ ላይ ሳላወሳው የማላልፈው ሰው አለ። በአሥራ አንድ ዓመቴ የዮፍታሔን ታሪክ ሲያስተምረን «አባት ለተሳለው ስለት ልጂቱ ለምን ትሞታለች?» ብዬ ጠየቅሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሬ ጠጠር ላይ አንበረከከኝ፤ «ለምን የሚል ሰይጣን ነው» አለኝ። ጉልበቴ ላይ የተተከለውን ጠጠር እናቴ ማታ በመርፌ ነቀለችልኝ። ያን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ይቅር ያላልኩት ስለ ጉልበቴ አይደለም። እህቴ ኪኒኖቿን ስትደፋ አፌን የዘጋው እሱ ነውና።

አባ መነጽር ያደርጉ ነበር። በወፍራም መስታወቱ ውስጥ ዓይናቸው ትልቅ ሆኖ ይታያል። እትዬ ፊት ቆመው ወይ ኪኒኑ ወይ እግዚአብሔር ሲሉ መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነበር። አይቼዋለሁ፤ መነጽሩስ ሁለት ልብ አይደለም ወይ ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

አሁን የያዝኩት ይህን ነው፤ አጥብቄ ግን አልያዝኩትም። ሊመንን የመጣ ሰው ገዳም ሲገባ አመክሮ አለበት። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይጠየቃል፤ አልቻልኩም ካለ በሩ ክፍት ነው። ቆቡን የሚያገኘው ዘግይቶ ነው። እህቴ ግን ሕይወቷን በአንድ ሌሊት እንድትቆርጥ ተጠየቀች፤ «ቆይ፣ ላስብ» ማለት ክህደት ተባለባት። ልዩነቱ እዚህ ያለ ይመስለኛል። አመክሮ የጨረሰ ሰውም ሌላውን ሊያጠፋ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ለዚያ መልስ የለኝም።

ወደ ደብሩ አለቃ ሄጄ ነበር። «ነገሩን ለእግዚአብሔር ተወው» አሉኝ። አልተውኩትም። ጸበል ዛሬም እጠጣለሁ፤ ባለፈው ክረምት ልጄን ሲያተኩሳት አስጠመቅኋት፣ ወዲያው ክሊኒክ ወሰድኳት። መናፍቅ ያሉኝ አሉ።

የእትዬ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት። «እናትሽ ጸንታ ዐረፈች» ሲሏት ቀና ብላ አታይም። እኔ ያን አሜን መልሼ ወስጃለሁ። ጥፋት ከሆነ አንድ ቀን በፊቱ ስቆም ለምን እንደሆነ እግዚአብሔርን ራሱን እጠይቀዋለሁ።