ማክሮው ምን አጠፋ?

ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ ማረሚያ የምትጠቀሙ ታውቁታላችሁ። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፦ ኤፍ 3ን ትጫናላችሁ፣ የምትጽፉትን ትጽፋላችሁ፣ የምታጠፉትን ታጠፋላችሁ፣ ኤፍ 4ን ስትጫኑ ቀረጻው ያበቃል። ከዚያ በኋላ ኤፍ 4ን በነካችሁ ቁጥር ጣታችሁ የሠራውን ኮምፒውተሩ ይደግመዋል። የኪቦርድ ማክሮ ይሄ ነው። ኢማክስ ራሱ በ1976 (በፈረንጆቹ) ኤምአይቲ ውስጥ ሲጀመር ቴኮ ለተባለ ማረሚያ የተሰበሰቡ ማክሮዎች ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚያው ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀረጻ የሚይዘው ያደረግነውን እንጂ ያሰብነውን አይደለም። በሁለቱ መሃል ላለው ክፍተት ተጠያቂው ማነው?

ውጭ አገር ያለ አንድ ማኅበር የአባላቱን ስም በፈረንጅ ቅጽ ወግ ሊያስተካክል ፈለገ እንበል። የአባት ስም ይቀድማል፣ ነጠላ ሰረዝ ይከተላል፣ የራስ ስም መጨረሻ ይሆናል። ጸሐፊዋ «አልማዝ ከበደ» የሚለው መስመር ላይ ሆና ትቀርጻለች፦ የመጀመሪያውን ቃል መቁረጥ፣ ክፍት ቦታውን ማጥፋት፣ ወደ መስመሩ መጨረሻ መሄድ፣ ነጠላ ሰረዝ መጨመር፣ የተቆረጠውን መለጠፍ፣ ወደሚቀጥለው መስመር መውረድ። «ከበደ፣ አልማዝ» ሆነ። ያምራል! ኢማክስ ደግሞ ዜሮ ቁጥር ሰጥታችሁ ካስጀመራችሁት ስህተት እስኪገጥመው ድረስ ይደግማል። ሻይ ሳይፈላ ዝርዝሩ ያልቃል።

አሁን «ገብረ ማርያም ደስታ» የሚለው መስመር ላይ ምን ሆነ? «ማርያም ደስታ፣ ገብረ»። የማን አገልጋይ እንደሆነ የማይታወቅ አገልጋይ። ማክሮው ግን አልቆመም። ለእሱ ስህተት ማለት የሚወርድበት መስመር ሲያልቅ ነው፤ የሰው ስም ለሁለት መሰንጠቅ ስህተት መሆኑን ማንም አልነገረውም። የታዘዘውን ነው የፈጸመው እንዳንል እንኳን፣ ምንም አልታዘዘም። ያየውን ደገመ፣ አለቀ።

ኤልማክሮ የሚባል ተጨማሪ ፓኬጅ አለ፤ የቀረጻችሁትን ወስዶ በኢማክስ ሊስፕ ኮድ አድርጎ ይጽፍላችኋል። ኢማክስ ብቻውንም ማክሮን ፋይል ውስጥ ማስገባት ይችላል፣ ግን የሚያስቀምጠው የቁልፎቹን ተራ ነው፤ የኮድ ልብስ የለበሰ ቀረጻ በሉት። ኤልማክሮ ትዕዛዞቹን በየስማቸው ይጠራቸዋል። ከነሱ መሃል «ቃል ቁረጥ» ከሚለው ጎን 1 የሚል ቁጥር ተቀምጦ ታያላችሁ። ያቺ 1 ስንቀርጽም ነበረች፣ ጣታችን ውስጥ። አሁን ግን ተጽፋለች፤ ስለዚህ ልትጠየቅ ትችላለች። የሰው ስም ሁሉ አንድ ቃል ነው ያለው ማነው?

ለእኔ ኃላፊነት የሚጀምረው እዚህች ቁጥር ላይ ነው፣ ኮምፓይል ሲደረግ አይደለም። ኮምፓይለሩ ያልተገለጸ ተለዋዋጭ ካገኘ ያስጠነቅቃል፤ ስለ ገብረ ማርያም ግን ትንፍሽ አይልም። ከ2022ቱ ኢማክስ 28 ጀምሮ ኮዱን እስከ ማሽን ቋንቋ ድረስ ማውረድ ይቻላል። ያኔ ደግሞ የሚያነበው ሰው የለም። መሃል ላይ ቆም ብሎ ያልጠየቀ ሰው ግምቱን መልሶ ጨለማ ውስጥ ከተተው ማለት ነው፣ ያውም ፈጣን አድርጎ።

«ለአምስት መስመር ይሄ ሁሉ ፍልስፍና?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። አምስት መስመር ላይ ኤፍ 4ን አንድ በአንድ ስትጫኑ ዓይናችሁ አብሮ ይሠራል። መድገምን ንቄም አይደለም። ዳዊት «ይደገማል» እንላለን፤ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ግዕዙ ሳይገባው ይደግማል፣ ትርጓሜው ከብዙ ዓመት በኋላ ከሌላ መምህር ይመጣል። አታላይ ነው የሚለው የለም። የትርጓሜ ወንበር ላይ ግን አያስቀምጡትም። ቀረጻን ስም ሰጥቶ፣ ኮምፓይል አድርጎ፣ ለማያውቀው ሰው ማቀበል ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ነው።

እሺ፣ ኮዱን እናርመው። የመጀመሪያው ቃል ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ ከሆነ ሁለት ቃል ቁረጥ። ተክለም አለ። ፍቅረም። ዝርዝሩ ይረዝማል፣ ያሰለቻል፣ ግን ይሄዳል። ከዚያ «ተስፋ ሚካኤል አየለ» ይመጣል። ተስፋ የሚባል የሚካኤል ልጅ ነው ወይስ ተስፋ ሚካኤል የሚባል የአየለ ልጅ? የትኛውም ኮድ ይህን አያውቅም። እሱ ያውቃል፤ ስልኩም መዝገቡ ላይ አለ።